በሜዳው የማይጫወት ባለሜዳ

ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ፣ እነዋሪ ከተማ፣ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ፣ የአገራችንን ፕሪሚየር ሊግ እያየን ነበር። ፋሲል ከነማ ይጫወታል። ጨዋታውን የሚያስተላልፈው ጋዜጠኛ «ባለሜዳዎቹ አፄዎቹ ኳሱን ይዘዋል» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው የጎረቤቴ ልጅ፣ ገና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ዞር ብሎ «ጋሼ፣ ጎንደር ነው እንዴ የሚጫወቱት?» አለኝ።

«አይ፣ ሐዋሳ ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ታዲያ ለምን ባለሜዳ ይሏቸዋል?»

«በወረቀት ነው።»

«ሜዳ በወረቀት ይሆናል እንዴ?»

መልስ አጣሁ። ልጁ ወደ ጨዋታው ተመለሰ፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥያቄውን ይዤ እዞራለሁ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች በየከተማቸው መጫወት ትተው፣ «በተመረጡ ከተሞች» እየተሰበሰቡ፣ አንዱን ከተማ ሲጨርሱ ወደ ሌላው እየተዛወሩ መወዳደር ለምደዋል። ስለዚህ አሠራር ከክለብ አመራር፣ ከስፖርት ጋዜጠኛ፣ ከሻይ ቤት ተከራካሪ የሚሰማው ቃል ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ገንዘብ አመጣ፣ ሁከት አስቀረ፣ ወጪ ቀነሰ፣ ሊጋችንን ዓለም አየው፤ ሌላ ምርጫም የለም።

እኔ በዚህ አልስማማም። ክለብን ከሜዳው ነቅሎ ሊግ ማሳደግ አይቻልም ባይ ነኝ። ለአንድ ዓመት ችግር የመጣ መፍትሔ ልማድ ሆኖ ቀረ፤ ልማዱም «ዘመናዊነት» የሚል ስም ወጣለት። በዚህ መሐል የጠፋው ነገር በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ብቻ እንዳልጠፋ ተቆጠረ።

ታሪኩን እናስታውስ። የ2012ቱ ውድድር በኮሮና ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተቋረጠ። ሊጉን የክለቦቹ አክሲዮን ማኅበር ተረክቦት ነበርና በ2013 መግቢያ ላይ ትልቅ ውል ተፈረመ፦ የስርጭትና የስያሜ መብቱ ለ5 ዓመት በ68 ሚሊዮን ዶላር ለዲኤስቲቪ ተሸጠ። ሱፐርስፖርት «ልዩ» በተባለ ቻናል በአማርኛ ጨዋታ ማስተላለፍ ጀመረ። ሊጉም የአንድ አቋማሪ ድርጅት ስም ተቀጥሎለት «ቤትኪንግ ፕሪሚየር ሊግ» ተባለ። ወረርሽኙ ስላለ፣ ካሜራና መብራት በየከተማው ማዞርም ስለሚከብድ፣ ውድድሩ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባህር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ በየተራ እንዲካሄድ ተደረገ። ለዚያ ዓመት ይሁን፤ በወረርሽኝ ጊዜ ሰርግም ያለ ድግስ ተሠርጓል። ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ግን ሰርጉ ወደ ድግሱ ሲመለስ ኳሱ ወደ ሜዳው አልተመለሰም። በቀጣዮቹ ዓመታት ከተሞቹ ተቀያየሩ፤ አዳማ ገባ፣ ጅማ ወጣ፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

የፋሲል ከነማን ነገር እንይ። ክለቡ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ተመሠረተ። የሊጉን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነሳው በ2013 ነው፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ ዓመት 13 ክለቦች ስለተወዳደሩ እያንዳንዱ 24 ጨዋታ አደረገ። ከ24ቱ ጎንደር ላይ የተደረገው ስንት ነው? አንድም የለም። ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠበቀ ደጋፊ፣ ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት አንዲት የሊግ ጨዋታ በፋሲለደስ ስታዲየም አላየም። አያት ለልጅ ልጁ «ያን ጊዜ እዚያ ጥግ ላይ ቆሜ ነበር» ብሎ የሚያሳየው ጥግ የለውም። ይህን ኪሳራ በዶላር ተምኑልኝ።

እኔ መጀመሪያ ስታዲየም የገባሁት በሰንጋ ምክንያት ነው። ለፋሲካ ሳምንት ሲቀረው፣ አባቴ ያደለበውን የጅሩ ሰንጋ ከጎረቤት ሰንጋዎች ጋር አይሱዙ ላይ ጭነን፣ በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ካራ ገበያ ገባን። ሸጠን ስናበቃ የአጎቴ ልጅ እጄን ይዞ ስታዲየም ወሰደኝ። ጊዮርጊስና ቡና ነበሩ። ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ የሚባሉትን ስሞች ከዚያ በፊት በሬዲዮ ብቻ ነበር የማውቃቸው፤ የአገር ስም ይመስሉኝ ነበር። ገብቼ ሳያቸው በእርግጥም አገር ናቸው። የራሳቸው ዜማ፣ የራሳቸው ተረብ፣ የራሳቸው ሽማግሌ አላቸው። ማን ስንት ለስንት እንዳሸነፈ ዛሬ ረስቼዋለሁ። ከጎኔ የነበረ የማላውቀው ሰው ጎል ሲገባ አንገቴን አንቆ እንደሳመኝ ግን አልረሳም። ያ ጨዋታ ስሙ የሸገር ደርቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የሸገር ደርቢ ከሸገር ወጥቶ በሌላ ከተማ ሲካሄድ አይተናል፤ ስሙን ግን አልቀየሩለትም።

አሁን ወደ ክርክሩ ልግባ። የአሠራሩ ደጋፊዎች ሰነፎች አይደሉም፤ የሚያቀርቡት ምክንያት ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። አንድ በአንድ እንየው።

የመጀመሪያው ገንዘብ ነው። «ያለ ቴሌቪዥን ክለቦቻችን የከተማ አስተዳደር በጀት ጥገኛ ሆነው ይቀራሉ» ይላሉ። ጥገኝነቱ እውነት ነው፤ የስርጭቱን ገቢም አልጠላሁም። ጥያቄዬ ቴሌቪዥን የሚገዛው ምንድን ነው የሚል ነው። ኳስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ልምምድም ያስተላልፍ ነበር። የሚገዛው ኳሱን ከነጩኸቱ ነው። በኮሮና ጊዜ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በዝግ ስታዲየም ሲካሄድ፣ ጣቢያዎቹ ከኮምፒውተር ጌም የተወሰደ የደጋፊ ድምፅ ከሥር ያስገቡ ነበር። በዓለም ላይ ሀብታም የሚባለው ሊግ እንኳ ባዶ ወንበር እንደማይሸጥ ስላወቀ የውሸት ጩኸት ጨመረ። እኛ እውነተኛውን ጩኸት ጎንደር፣ ሶዶ፣ ሆሳዕና፣ አርባ ምንጭ ትተነው መጣንና ባዶ ወንበር ለዓለም አሳየን።

ውጤቱን ለማየት ጥናት አያስፈልግም፤ እነዋሪ ድረስ መምጣት ይበቃል። የእኛ ሊግና የእንግሊዙ ሊግ በአንድ ሰዓት ሲገጥሙ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት የቱን እንደሚከፍት ማንም አይጠይቀውም። ወጣቱ «አገሩን ስለማይወድ» አይደለም። በአንደኛው ስክሪን ላይ ስልሳ ሺህ ሰው ይዘምራል፤ በሌላኛው የአሠልጣኙ ድምፅ ያስተጋባል። በጨዋታ ጥራት ከነሱ ጋር መፎካከር አንችልም፤ የምንበልጣቸው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የእኛው መሆኑ። እሱን ካነሳንለት ምን ይቀረዋል? ላሟን ሸጦ ወተት ለመሸጥ ውል እንደመፈረም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከባዱ ነው፤ ሁከት። ይህን ክርክር የሰሜን ሸዋ ሰው አቅልሎ አያይም። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ከቤቱ ወጥቶ መመለሱ ሲያጠራጥር ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረንም። በ2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የወልድያና የመቀሌ ቡድኖች ሊጫወቱ በነበረበት ጊዜ የተነሳው ግጭት የሰው ሕይወት አጥፍቷል። እንዲህ ያለውን «የኳስ ጣጣ» ብሎ ማለፍ ነውር ነው።

ግን በሽታው ከየት መጣ? ከሜዳው አልመጣም። ፖለቲካው በየመንገዱ፣ በየዩኒቨርሲቲው፣ በየገበያው ሲነድ ሜዳውንም አቃጠለው። ያኔ የተሰጠውም መድኃኒት ተመዝኖ ነበር፦ የሚያሰጉት የአማራና የትግራይ ክለቦች ጨዋታዎች ብቻ ተለይተው በገለልተኛ ሜዳ ተካሄዱ፤ ሌላው እንደ ወትሮው በየሜዳው ቀጠለ። በ2013 የመጣው ግን አንድ ሰው ስለታመመ ቤተሰቡን በሙሉ ሆስፒታል ማስተኛት ነው። አርባ ምንጭና ወላይታ ድቻ ምን አጠፉ? ሲዳማ ቡናና ሐዲያ ሆሳዕና በማን ጥፋት ተቀጡ? ሥርዓት ያጣ ደጋፊ ካለ ሜዳው ይዘጋበት፣ ክለቡ ነጥብ ይቀነስበት፣ አጥፊው በስሙ ይከሰስ። የሁሉንም በር ዘግቶ «ጸጥታ ሰፈነ» ማለት፣ ትምህርት ቤቱን ዘግቶ «ተማሪ መጣላት አቆመ» እንደማለት ነው።

ደግሞስ የደርሶ መልስ ውድድር ያስተዋወቀንን ሰው ማን ቆጠረው? የጅማ ደጋፊ ጎንደር ሄዶ ጠላ ጠጥቶ የተመለሰው፣ የጎንደሩ ጅማ ወርዶ ቡና የተጋበዘው በኳስ ሰበብ ነው። በ2010 ጅማ አባ ጅፋር ዋንጫ ሲያነሳ፣ በ2011 መቀሌ 70 እንደርታ ሲያነሳ፣ ሊጉ አገር ለአገር ይዞር ነበር። በየምክር ቤቱ ስለ አብሮነት ከሚነገረው ንግግር ሁሉ ያ የአውቶብስ ጉዞ ይሻል ነበር። አሁን የሚጓዘው ቡድኑ ብቻ ነው፤ ሕዝቡ በየቤቱ ቀረ። የማይተያይ ሕዝብ ደግሞ ስለሌላው የሚያውቀው ስልኩ የሚነግረውን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ወጪ ነው። «ጉዞ ቀነሰ፣ ክለቦች አተረፉ» ይባላል። እስቲ በእጃችን እንቁጠር። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ ሐኪምና ሹፌር ተደምሮ 35 ሰው ቢሆን፣ አንድ ከተማ ላይ 40 ቀን ቢሰነብት፣ 1,400 የሰው አዳር ሆነ ማለት ነው፤ ይህ ለአንድ ከተማ ብቻ ነው። ሊጉ 16 ክለብ ቢኖረው በደርሶ መልስ አንድ ክለብ ከሜዳው የሚወጣው በዓመት 15 ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ ጉዞ 25 ሰው 3 ሌሊት ቢያድር ዓመቱን ሙሉ 1,125 ነው። ቁጥሮቹን እንደፈለጋችሁ ከፍ ዝቅ አድርጓቸው፤ የሆቴሉ ሒሳብ ከናፍጣው አያንስም። በዚያ ላይ የመግቢያ ትኬት ገቢ፣ የማልያና የስካርፍ ሽያጭ፣ የከተማው ነጋዴ የሚያወጣው ድጋፍ ቀረ። የባጃጅ ሹፌሩ፣ የጀበና ቡና ሻጯ፣ ቆሎ አዟሪው፣ በጨዋታ ቀን የሚያገኙት ገንዘብ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከተማው ለክለቡ በጀት ይመድባል፣ ገንዘቡ ግን የሚፈሰው ሌላ ከተማ ሆቴል ውስጥ ነው። የተጫዋቹን ደሞዝ የሚከፍል ግብር ከፋይ የሚጫወትለትን ቡድን ለማየት ዲሽ ግዛ ሲባል ዝም ብሎ ነው የከረመው። ትዕግሥቱ ይገርመኛል።

አራተኛው የሜዳ ደረጃ ነው። «አብዛኞቹ ስታዲየሞች ለስርጭት አይመጥኑም» ይላሉ። ልክ ነው፣ አይመጥኑም። ታዲያ እንዴት ይመጥኑ? ጨዋታ የማይካሄድበትን ሜዳ የትኛው ከንቲባ ያድሳል? በየሁለት ሳምንቱ ሕዝብ ተሰብስቦ ጭቃውን እያየ ሲጮህ ነው በጀት የሚያዘው። ጨዋታውን ስናርቅ ጥያቄውንም አራቅነው። መሬት ሲተው ዳዋ እንደሚውጠው የጅሩ ገበሬ ያውቃል፤ ዋልካው ውሃ ይተኛበታል ብሎ ማሳውን ጥሎ አልሄደም። በእጁ ቦይ እየቀደደ፣ መደብ እያበጀ፣ ያንኑ ጥቁር አፈር የስንዴ፣ የጤፍና የምስር አገር አደረገው። የእግር ኳሳችን አለቆች ግን ውሃ የተኛበትን ማሳ ሲያዩ ገበሬውን ሐዋሳ ወስደው አሳረሱት።

የዚህ ውርደት ጫፍ ብሔራዊ ቡድናችን ላይ ታይቷል። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ከደረጃ በታች ናቸው ብሎ ካገደ በኋላ ዋልያዎቹ «የሜዳቸውን» ጨዋታ በሰው አገር ማድረግ ጀመሩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ስናሸንፍ የሆነው ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ውስጥ ነው። ዳዋ ሆጤሳና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸውን ጎሎች አዲስ አበባ ላይ ብናይ ኖሮ ከተማው በዚያች ሌሊት ይተኛ ነበር? በኋላም ሞሮኮ፣ ኤል ጃዲዳ ላይ «ባለሜዳ» ሆነናል። ክለቦች ያለ ሜዳ መኖርን ሲለምዱ አገሩም ለመደው። የልጁን ጥያቄ አሁን ለአገር ማቅረብ ይቻላል፦ ሜዳ በወረቀት ይሆናል እንዴ?

አምስተኛው ፍትሐዊነት ነው። «ሁሉም ከሜዳው ውጪ ስለሆነ እኩል ነው» ይላሉ። ይህ እንኳን ክርክር ለመሆን ይከብደዋል። ውድድሩ ሐዋሳ ሲሆን ሐይቆቹ ሐዋሳ ከተማዎች ቤታቸው ናቸው፤ ድሬዳዋ ሲሆን ብርቱካናማዎቹ በአልጋቸው ተኝተው ይመጣሉ፤ አዳማም እንደዚያው። ሌላው በሆቴል ይከርማል። በደርሶ መልስ እያንዳንዱ ክለብ ለእንግድነቱ ካሣ የሚሆን ባለቤትነት ነበረው። አሁን አንዳንዱ ሁልጊዜ ባለቤት፣ አንዳንዱ ሁልጊዜ እንግዳ ነው። የሊጉን ጠባይም አጣነው። የድሬዳዋ ሙቀት፣ የጅማ ዝናብ፣ የጎንደር ጩኸት፣ እያንዳንዱ ከተማ ለእንግዳው የሚያቀርበው ፈተና ነበር። ደብረ ብርሃን ላይ የሚጫወት እንግዳ ቡድን ከአሥራ አንድ ሰው ጋር ብቻ አይጋጠምም፤ ከ2,800 ሜትር በላይ ከሚነፍሰው ብርድ ጋርም ይታገላል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለዚህ ነው።

የመጨረሻው መከራከሪያ «ዓለም ሁሉ እንዲህ ሆኗል» የሚለው ነው። ዓለምን እንይ እንግዲህ።

አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ከሃይማኖት ቀጥሎ የሚቆም ነገር ነው። ከ1915 እ.አ.አ. ጀምሮ በፓስፊክ ዳርቻ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የመሠረቱት ፓክ 12 የሚባል ሊግ ነበር። በ2022 ሁለቱ የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲዎች ለተሻለ የቴሌቪዥን ገንዘብ ቢግ ቴን ወደሚባለው የመሐል አገር ሊግ እንደሚሄዱ አስታወቁ፤ ያ ሊግ በዚያው ዓመት ለ7 ዓመት ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያወጣ የስርጭት ውል ተፈራርሞ ነበር። በ2023 ክረምት ሌሎቹም ተበታተኑ። የሎስ አንጀለስ ተማሪ አሁን «የሊግ ጎረቤቱን» ለመግጠም ኒው ጀርሲ ድረስ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። ስታንፎርድ ከፓስፊክ ጠረፍ ተነስቶ የአትላንቲክ ጠረፍ ሊግ አባል ሆነ።

ማንም ያልፈለጋቸው ሁለት ቀሩ፤ አንዱ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ያለበት ከተማ ፑልማን ይባላል። ለእነዋሪ ሰው ፑልማንን ማስረዳት ቀላል ነው፦ ስንዴና ምስር የሚያበቅል ገጠር መሐል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ በየዓመቱ የምስር በዓል ታከብራለች። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ በ1978 በ81 ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር የዚህ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። ሊጉ ሲፈርስ የቴሌቪዥን ገንዘቡ ሸሸ። በ2025 ዩኒቨርሲቲው ከአትሌቲክሱ የዝላይና የውርወራ ውድድሮችን አስወገደ፣ አጭር ርቀቱንም ቀነሰ። ትልቆቹ ሳሩን ሲያዩ ገደል የገባችው ትንሿ ከተማ ናት። እዚያም ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በዚህ ሁሉ መበታተን ውስጥ እንኳ የማንም ሜዳ አልተወሰደም። ሎስ አንጀለስ ሎስ አንጀለስ ይጫወታል፤ ፑልማንም ቅዳሜ ሲደርስ ስታዲየሟን ትከፍታለች። አሜሪካኖቹ ጎረቤታቸውን ሸጡ፤ እኛ ቤታችንን ሸጠናል። ከነሱ ብሰን ሳለ እነሱን ምሳሌ መጥቀስ አይገባንም።

ዓለም እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለትም ሐሰት ነው። በሚያዝያ 2021 እ.አ.አ. የአውሮፓ 12 ሀብታም ክለቦች የራሳቸውን ሱፐር ሊግ ሲያውጁ፣ የእንግሊዝ ደጋፊ አደባባይ ወጥቶ በሁለት ቀን ውስጥ ስድስቱንም የእንግሊዝ ክለቦች አስወጣቸው። የዊምብልደን ክለብ ከለንደን ተነቅሎ ሚልተን ኪንስ ሲወሰድ፣ ደጋፊው በ2002 የራሱን ክለብ ከታች ጀምሮ መሠረተ፤ ደረጃ በደረጃ ወጣና በ2020 ወደ ቀድሞ ሰፈሩ ፕላው ሌን ተመለሰ። ሜዳቸው ከቀድሞው ሜዳ በጥቂት መቶ ሜትር ይርቃል፤ ለዚያች መሬት 18 ዓመት ጠበቁ። እኛስ ስንት ዓመት ዝም አልን?

ነገሩ የላይኛው ሊግ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዋሪ ሆኜ ይህን ያህል አልጮኽም ነበር። አሠራሩ ወደ ታች ወርዷል። የዞናችን ልጅ ደብረ ብርሃን ከተማ ሲወዳደር የቆየበት ከፍተኛ ሊግም በምድብ ተከፍሎ በተመረጡ ከተሞች መካሄድ ለምዷል፤ ያ ደግሞ በዲኤስቲቪ አይታይም። ለዲኤስቲቪ ሲባል የተደረገ ነገር ዲኤስቲቪ የማያየውን ሊግ ሜዳ አሳጣ። ቴሌቪዥን ሰበብ እንጂ መንስኤ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም፤ መንስኤው ምቾት ነው። አንድ ቦታ ሰብስቦ ማስተዳደር ለአስተዳዳሪው ይቀላል። ለደጋፊው ግን ቡድኑ በጋዜጣ ላይ የሚነበብ ውጤት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ተጫዋች ከየት ነው የሚመጣው? እነዋሪ ላይ፣ ደነባ ላይ፣ ጅሁር ላይ በካልሲ ኳስ ከሚሯሯጡት ነው። ከነዚህ አንዱ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ከሱ ሰፈር የወጣ ልጅ ማልያ ለብሶ ሲሮጥ ቢያይ፣ «እኔም እችላለሁ» ይላል። ያ ሐሳብ በስክሪን አይተላለፍም። በስክሪን የሚያየው ሐላንድን ነው፤ ሐላንድ ደግሞ የኛ ሰፈር ልጅ አይደለም።

የጅሩ ሰንጋ ዓመቱን ሙሉ በጓሮ ይቀለባል፣ ይዋባል፣ በመጨረሻም በአይሱዙ ተጭኖ ይሄዳል። ሰንጋ ከጅሩ ይወጣል እንጂ አይመለስም፤ ዋጋውን ተቀብለን እንሸኘዋለን። ክለብ ግን ሰንጋ አይደለም። ክለብ የእርሻ በሬ ነው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ በረቱ ይገባል፤ ጥቅሙም እዚያው ማሳ ላይ ነው። የእርሻ በሬውን ለሥጋ የሸጠ ገበሬ ያንን በዓል ይደሰት ይሆናል፤ በሚቀጥለው ክረምት ግን በምን ያርሳል?

የማቀርበው ሐሳብ የማይቻል ነገር አይደለም። የ5 ዓመቱ ውል የተቆረጠለት ዘመን 2017 ላይ ሞልቷል። ከእንግዲህ በሚፈረም በማንኛውም ውል ውስጥ ሦስት ነገር ይግባ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክለብ በዓመት ቢያንስ አምስት ጨዋታ በከተማው ያድርግ፤ ቁጥሩም በየዓመቱ እየጨመረ ሙሉ ደርሶ መልስ ላይ ይድረስ። ለጸጥታ ሲባል መጀመሪያ ላይ የእንግዳ ደጋፊ ባይገባ እስማማለሁ፤ ባዶ ቤት ከሚሆን ግማሹ ይሙላ። ሁለተኛ፣ ከስርጭቱ ገቢ የተወሰነው ድርሻ ለተጫዋች ደሞዝ ሳይሆን ለሜዳ እድሳት ብቻ ይመደብ፤ ከንቲባውም ተመጣጣኙን ያዋጣ። ሦስተኛ፣ በዲኤስቲቪ የማይተላለፉት የታችኞቹ ሊጎች ዛሬውኑ ወደየሜዳቸው ይመለሱ፤ በአንድ ምድብ ያሉ ክለቦች በቅርብ አካባቢ ተመድበው አውቶብስ የሚበቃው ጉዞ ያድርጉ። መንገድ አስጊ በሆነበት ቦታና ጊዜ ገለልተኛ ሜዳ ይኑር፤ ግን ልዩ ሁኔታው ልዩ ይባል እንጂ ደንብ አይሁን። ደንብ የሚጻፈው ለሰላም ቀን ነው፤ ለክፉ ቀን የሚጻፈው ከደንቡ ሥር ነው።

ደጋፊዎችም እንናገር። በየከተማው የደጋፊ ማኅበር አለ፤ አባልነቱ ማልያ ለመልበስ ብቻ መሆን የለበትም። የከተማ ምክር ቤት ለክለቡ በጀት ሲያጸድቅ አንድ ሰው ብድግ ብሎ «በዚህ ገንዘብ ስንት ጨዋታ እዚህ እናያለን?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «ምንም» ከሆነ፣ በጀቱ ለምን ይጸድቃል?

የጎረቤቴ ልጅ ዘንድሮ ስድስተኛ ክፍል ገብቷል። ስታዲየም ገብቶ አያውቅም።